ፓምፑ ሲከፈት ዋስትናው ምን ይሆናል?

እንደሚታወቀው በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ፣ ስለ ክፍል አያያዝና ስለ ንባብ ነው። ዛሬ ስለ ካሚዮን ሞተርና ስለ ዋስትና ወረቀት መጻፋችን ለአንዳንድ አንባብያን እንግዳ ሊሆንባቸው ይችላል። ነገር ግን ብዙዎቻችን ተወልደን ያደግነው በሞጆ፣ በአዳማ፣ በወለንጪቲ፣ በመተሐራ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ነው። የእነዚህ ከተሞች እንጀራ ከጎማ ጋር የተያያዘ ነው። ሾፌሩና ረዳቱ ብቻ ሳይሆኑ ጎሚስታው፣ ባለ ጋራዡ፣ ባለ ሻይ ቤቷ፣ ጫኝና አውራጁ ሁሉ የሚኖሩት በመንገዱ ነው። ነገ ተመርቀን በየትንንሹ ከተማ ስንመደብ ደግሞ «አስተማሪ፣ እስቲ ይህችን ወረቀት አንብብልኝ» የሚለን ሰው አይጠፋም። አንዱ ደብዳቤ፣ ሌላው የፍርድ ቤት መጥሪያ ይዞ ይመጣል። አዲስ ካሚዮን በባንክ ብድር የገዛ ሰው ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ የወፈረ ደብተር ይዞ ይመጣል። እሱም የዋስትና ደብተር ነው፤ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል የታተመ።

ለመሆኑ ዋስትና ሲባል ምን ማለት ነው? ሾፌሮች «ጋራንቲ» የሚሉትን ማለታችን ነው። ብዙ ሰው ከኢንሹራንስ ጋር ያምታታዋል። ኢንሹራንስ ዓረቦን እየተከፈለበት ለአደጋ የሚገባ ነው። ዋስትና ግን አምራቹ ወይም ወኪሉ «ይህ መኪና በደብተሩ እንደተጻፈው ተይዞ፣ በብረቱ ወይም በአሠራሩ ጉድለት ምክንያት ቢበላሽ በራሴ ወጪ እጠግነዋለሁ» ሲል የገባው ቃል ነው። ቃሉ የተገባው ከፋብሪካ በወጣበት ሁኔታ ስላለው መኪና ነው። ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ፣ ጎማ፣ የፍሪሲዮን ዲስክና የመሳሰሉት በሥራ የሚያልቁ ነገሮች ከመጀመሪያውም በቃሉ ውስጥ አይገቡም።

ዋስትናው የሚቆጠረው በጊዜና በኪሎሜትር ነው፤ ቀድሞ የሞላው ይዘጋዋል። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ደብተሩ «12 ወር ወይም 50,000 ኪሎሜትር» ይላል እንበል። ከአዳማ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ደርሶ መልስ 1,600 ኪሎሜትር ያህል ነው። በወር ሦስት ጊዜ የተመላለሰ መኪና ወደ 4,800 ኪሎሜትር ይሄዳል። በ11ኛው ወር ውስጥ 50,000ው አለቀ ማለት ነው። ባለንብረቱ ግን «ዓመት አልሞላኝም» ብሎ ይከራከራል። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ሒሳብ ነው፤ ግን ማንም አልሠራለትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በአዳማም ሆነ በሞጆ መውጫ «ፓምፕና ኖዝል እንሠራለን» የሚል ታፔላ ያልተሰቀለበት ሰፈር ጥቂት ነው። ለዚህ ጽሑፍ ብለን በአንዳንዶቹ ጋራዦች ዞር ዞር ብለን ነበር። መካኒኮቹ ጨዋዎች ናቸው፤ ጥያቄ አይሰለቻቸውም። አንደኛው ጋሼ እጁን በቡቱቶ እየጠረገ «ሰው አዲስ መኪና ገዝቶ በሳምንቱ ይመጣና ፓምፑን ክፈትልኝ ይላል» አለን። ፓምፕ መክፈት ሲባል መፍታት ማለት አይደለም። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ሊወስድ የሚችለውን የናፍታ መጠን የምትወስን ብሎን አለች። እሷን በካቻቢቴ ጥቂት ማዞር ነው። ፋብሪካው ይህችን ብሎን በመለኪያ ማሽን ላይ ካስተካከላት በኋላ በቀጭን ሽቦና በእርሳስ ማኅተም ወይም በክዳን ይዘጋታል። ብሎኗ ስትዞር ማኅተሙ ይቆረጣል። በእርግጥም መኪናው ያን ዕለት ይጎለብታል፤ ሐሰት አይደለም። ዳገት ላይ ማርሽ ሳይቀንስ ይወጣል።

ታዲያ ክፋቱ ምኑ ላይ ነው? ነገሩ የፊዚክስ ነው። የናፍታ ሞተር ሻማ የለውም። አየሩ በሲሊንደር ውስጥ በኃይል ሲታመቅ ይግላል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍታው ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። አንድ ኪሎ ናፍታ ተሟልቶ እንዲቃጠል 14 ኪሎ ተኩል ያህል አየር ይፈልጋል። ይህን ያህል አየር በጅቡቲ ወደብ በ12 ሜትር ኩብ ውስጥ ይገኛል። አዳማ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ18 ከመቶ ያህል ያንሳል። ያንኑ የአየር ክብደት ለማግኘት ከ14 ሜትር ኩብ በላይ መሳብ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ሲደረስ ደግሞ ግፊቱ በአንድ አራተኛ ያህል ቀንሷል። የሲሊንደሩ ስፋት ግን አይጨምርም። እንግዲህ ከጅቡቲ የተነሣው መኪና ሽቅብ በወጣ ቁጥር ሞተሩ እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ከመተሐራ እስከ አዳማ ብቻ ከ600 ሜትር በላይ ይወጣል።

ሾፌሩ የሚያውቀው መኪናው መድከሙን ነው፤ የጎደለው ናፍታ ይመስለዋል። የጎደለው ግን አየር ነው። አየር በጎደለበት ናፍታ ሲጨመር ከፊሉ ሳይቃጠል በማርሚታ በኩል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ከአይሱዙና ከሲኖትራክ ኋላ ተሳፍረን ስንሄድ መስኮት የሚያዘጋን ያ ጭስ ገንዘብ ነው፤ የተከፈለበት ናፍታ ነው። የቀረው የበለጠ እየነደደ የሞተሩን ሙቀት ከተለካለት በላይ ያደርገዋል። በፒስቶን አናት ላይ ያለው ብረት ይለሰልሳል፣ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ይቀልጣል። ሳይቃጠል የቀረው ናፍታ ደግሞ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ወደ ታች ይወርድና ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ ሲቀጥን ብረት ከብረት ይፋጫል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይሆንም፤ ወራት ይፈጃል። ባለንብረቱም ፓምፑን ያስከፈተበትን ቀን ይረሳዋል።

ቱርቦ ያለው ሞተር የአየር እጥረቱን በመጠኑ ይቋቋማል፤ ቱርቦ ማለት በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ ነው። በአንዳንድ ጋራዥ የቱርቦው መቆጣጠሪያ ዘንግም ይነካካል፤ ከተወሰነለት በላይ አየር እንዲገፋ ይደረጋል። ያኔ ቴስታታውን ከሞተሩ ጋር የሚያጣብቀው ጓርኒሲዮን ግፊቱን መሸከም ያቅተዋል። ኃይሉም በሞተሩ ብቻ አይቆምም፤ በፍሪሲዮን፣ በካምቢዮና በዲፈረንሲያል በኩል አልፎ ጎማ ላይ ይደርሳል። እነሱ የተሠሩት ለፋብሪካው ጉልበት ነው።

ይህ ልማድ ከየት መጣ ብለን ጠይቀን ነበር። ሽማግሌዎቹ መካኒኮች ሥራ የጀመሩት በፊያት ኤንትሬ ላይ ነው። ኤንትሬ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው፤ ሁሉም ነገር በጆሮና በእጅ ይስተካከል ነበር። የዋስትና ጊዜው ካለፈ ብዙ ዓመት የሆነው መኪና ስለሆነ ቢከፈትም ቢዘጋም የሚጠይቅ አልነበረም። እኛ እንደሚመስለን ችሎታው አልጠፋም፤ የተለወጠው መኪናው ነው። በአዲሶቹ ሞተሮች የናፍታውን መጠን የሚወስነው ብሎን ሳይሆን ኮምፒውተር ነው። የአየሩን ግፊትና ሙቀት በሴንሰር እየለካ፣ ከፍታ ላይ ሲደርስ ናፍታውን ራሱ ይቀንሳል። ሾፌሩ «ሰነፈ» የሚለው መኪና እንግዲህ ራሱን እየጠበቀ ነው።

ለነዚህም ቢሆን መላ ተገኝቶላቸዋል። ከሴንሰሩና ከኮምፒውተሩ መካከል የምትገባ ትንሽ ሳጥን ትሸጣለች። ሥራዋ ውሸት መናገር ነው፤ የናፍታው ግፊት ከፍ ብሎ ሳለ «ዝቅ ብሏል» ብላ ለኮምፒውተሩ ትነግረዋለች፣ እሱም ይጨምራል። ሌላው መንገድ የኮምፒውተሩን ፕሮግራም ራሱን መቀየር ነው። ብዙ ሰው ሰርቪስ ከመግባቱ በፊት ሳጥኗን ነቅሎ ወይም ፕሮግራሙን መልሶ ይሄዳል፣ የሚታወቅበት አይመስለውም። ነገር ግን ብዙዎቹ የዛሬ ሞተሮች የስሕተት ምልክቶችን መዝግበው ያስቀምጣሉ። ፕሮግራሙ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ የሚቆጥሩም አሉ። ወኪሉ መመርመሪያውን ሲሰካ ያነባቸዋል። ችግሩ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በአሥር ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ከ550,000 በላይ የናፍታ ፒክአፕ መኪኖች የጭስ መቆጣጠሪያቸው በእንዲህ ያለ ዘዴ መነሣቱን ገምቷል።

ወደ ሕጉ እንለፍ። እዚህ ላይ ሁለት የተሳሳተ ሐሳብ ሲነገር ሰምተናል። አንዱ «መኪናዬ ነው፣ የፈለግሁትን ባደርግ ዋስትናዬን ማን ይነካዋል» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «አንድ ብሎን ከተነካ ዋስትናው በሙሉ ገደል ገባ» የሚል ነው። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ለገዢው ዋስ እንደሆነ ይናገራል። አንቀጽ 1731 ደግሞ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው ይላል። የዋስትና ደብተሩ የውሉ አካል ከሆነ በውስጡ የተጻፈው ሁሉ ያስገድዳል። «ከአምራቹ ፈቃድ ውጪ ለውጥ ከተደረገ ዋስትናው ቀሪ ይሆናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለበት፣ ያነበበውም ያላነበበውም ባለንብረት ፈርሞበታል። ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት ደብተሩ ይነበብ የምንለው። ደብተሮች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ «ለውጡ ያስከተለውን ብልሽት አንሸፍንም» ብቻ ይላል። አንዳንዱ ጠቅላላውን ያስቀራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሞተር ዋጋ ነው።

ሌላው የሚጠቅም አንቀጽ 2001 ነው። ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ያስረዳል፤ ግዴታው ቀርቷል ወይም ተለውጧል የሚል ወገን ደግሞ ያን ያደረገውን ነገር ማስረዳት የሱ ፋንታ ነው። እንግዲህ ባለንብረቱ የዋስትና ደብተሩንና የሰርቪስ ደረሰኙን ይዞ ሲቀርብ፣ ወኪሉ «ዋስትናው ቀርቷል» ካለ ምክንያቱን ማሳየት አለበት ማለት ነው። የተቆረጠው የፓምፕ ማኅተም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ማኅተሙ ደኅና ከሆነ ወኪሉ ሌላ ማስረጃ መፈለግ ይኖርበታል። ማኅተሙ ከተቆረጠ ግን ባለንብረቱ ማስረጃውን በገዛ እጁ አዘጋጅቶ አቀረበለት። ፒስቶኑ የቀለጠው በፋብሪካ ጉድለት ቢሆን እንኳ ከዚያ ወዲያ ማን ያምነዋል?

በአሜሪካ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው የማግነሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ አለ። በዚያ ሕግ መሠረት ሻጩ የሌላ ፋብሪካ መለዋወጫ በመግጠሙ ብቻ የገዢውን ዋስትና ሊከለክል አይችልም፤ ብልሽቱን ያመጣው ያ መለዋወጫ መሆኑን ማሳየት አለበት። ይህን የሰሙ ሰዎች በኛም አገር እንደዚያው ነው ይላሉ። ግን ያ ሕግ የሚጠብቀው ለግል ወይም ለቤተሰብ አገልግሎት የሚገዙ ዕቃዎችን ነው፤ ለንግድ የሚሠራ ከባድ ካሚዮን አይገባበትም። በኛም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ብሎ የተረጎመው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው። ጭነት ጭኖ የሚነግድ ባለካሚዮን በዚያ ጥላ ሥር መግባቱ ያጠራጥራል። የሱ መመኪያ ውሉና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ናቸው።

ይህን ሁሉ የምንለው ሰው ሲጎዳ ስላየን ነው። ከመካከላችን የአንዱ አጎት ዓመታት በረዳትነትና በሾፌርነት ሠርቶ፣ ቤቱን አስይዞ በባንክ ብድር አንድ አዲስ መካከለኛ ካሚዮን ገዛ። በአራተኛው ወር ጓደኞቹ መክረውት ፓምፑን አስከፈተ። በዘጠነኛው ወር ሽንኩርት ጭኖ ዳገት ላይ ሞተሩ ተንኳኳና ቆመ። ሲፈታ ሁለት ፒስቶን ተበልቷል። ወኪሉ የተቆረጠውን ሽቦ ፎቶ አንሥቶ «ዋስትና የለህም» አለው። እስከዚህ ድረስ ወኪሉን አንወቅስም። ነገር ግን ያው መኪና ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ዲናሞው ባትሪ አልሞላ እያለ ሁለት ጊዜ ቀርቦ ነበር፤ በሰርቪስ ካርዱ ላይም ተጽፏል። ወኪሉ ዲናሞውንም አልቀይርም አለ። የደብተሩ ቃል ግን የሚያስቀረው «ለውጡ ያስከተለውን ብልሽት» ብቻ ነበር። ፓምፑ የተከፈተው በአራተኛው ወር ነው፤ ዲናሞው የታመመው በሦስተኛው። ፓምፕ ወደ ኋላ ተመልሶ ዲናሞ አያበላሽም። አጎትየው አፍሮ ስለነበር አልተከራከረም፤ ሁለቱንም ከኪሱ ከፈለ። ደብተሩን ከፍተን ያነበብንለት ከስድስት ወር በኋላ ነው። የባንኩ ዕዳ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ከሞተሩ ውጪ ስላሉት ለውጦች በአጭሩ እንለፍ። ባሌስትራ መደረብ፣ ስፖንዳ ማስረዘም፣ ሻንሲ መቀጠል በመንገዳችን የተለመደ ነው። የካሚዮን ሻንሲ ብረት በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ በብየዳ ሲነካ በነካው ቦታ ይደክማል፤ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከብየዳው ጠርዝ ነው። የመጫን አቅሙም በሊብሬው ላይ ተመዝግቧልና ነገሩ ከዋስትና አልፎ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 የሚመለከተው ይሆናል፤ ቦሎ ሲታደስም ይጠየቃል። የሞጆው ሚዛን ደግሞ ባሌስትራ ተደርቧል ብሎ ለማንም አይራራም። ፓውዛና ክላክስ ለመጨመር የፋብሪካውን ሽቦ ልጦ መቀጠል የኤሌክትሪኩን ዋስትና ያናጋል። ሁለተኛ ሰርባቶዮ መግጠምም አየርና ቆሻሻ ወደ ናፍታው መስመር እንዲገባ መንገድ ይከፍታል። በስፖንዳው ላይ የሚጻፈው ጥቅስና በመስታወቱ ላይ የሚንጠለጠለው ጌጥ ግን እስከ ዛሬ የማንንም ዋስትና አላፈረሰም።

ስለ መለዋወጫ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ከሶማሌ ተራ የተገዛ ፊልትሮ ዋስትና ያፈርሳል ወይ? ፊልትሮው በራሱ አያፈርስም፤ ደብተሩ «በወኪል ሰርቪስ ብቻ» ካላለ በስተቀር። ነገር ግን ፊልትሮው ተቀድዶ ቆሻሻ አሳልፎ ኖዝሉን ቢዘጋው የኖዝሉን ዋጋ ወኪሉ አይከፍልም። ደረሰኝ የሌለው ሰርቪስ ደግሞ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። መካኒኩ «ዘይቱን እኔ ነኝ የቀየርኩት» ብሎ ቢምል ወረቀት አይሆንም።

እንግዲህ «አስተማሪ፣ አንብብልኝ» ስንባል ከደብተሩ ውስጥ ፈልገን ማውጣት ያለብን የሚከተሉትን ነው። ጊዜውና ኪሎሜትሩ ስንት ነው? ለውጥን የሚመለከተው አንቀጽ «ያስከተለውን ብልሽት» ይላል ወይስ «ጠቅላላውን»? ሰርቪስ የት ይደረግ ይላል? ብልሽት ሲታይ በስንት ቀን ውስጥ ይነገር ይላል? ይህ የመጨረሻው ብዙዎችን ይጥላል። ሕጉም ቢሆን ገዢው ጉድለቱን እንዳየ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይፈልጋል፤ ሰው ግን «ጭነቱን ላድርስና» እያለ በሚንኳኳ ሞተር ሻሸመኔ ድረስ ይነዳል። የሚነገረውም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ቀኑና የኪሎሜትሩ ቁጥር ተጠቅሶ፣ ቅጂው በባለንብረቱ እጅ ቀርቶ መሆን አለበት። ያን ማመልከቻ መጻፍ ለኛ ከባድ አይደለም፤ ግማሽ ገጽ ነው።

ፓምፑ አስቀድሞ ተከፍቶ ከሆነስ? ብሎኗን በግምት መመለስ አይረዳም፤ ሽቦው ተቆርጧል፣ ልኩም ጠፍቷል። የሚሻለው ሞተሩ ሳይጎዳ ወኪሉ ዘንድ ወይም ወኪሉ ፈቃድ በሰጠው ጋራዥ ፓምፑ በመለኪያ ማሽን ላይ ተስተካክሎ እንደገና እንዲታተም ማድረግና የልኬቱን ወረቀት መቀበል ነው። ከዚያ በፊት ለደረሰው ጉዳት አይጠቅምም፤ ዋስትናውንም ለመመለስ ወኪሉ አይገደድም። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲያ ለሚመጣ ነገር ባለንብረቱ በእጁ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል። ጉልበት ለጎደለው መኪናም ያው ማሽን የጎደለው ምን እንደሆነ ይናገራል። የጠየቅናቸው መካኒኮች እንደነገሩን ብዙ ጊዜ ችግሩ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ ነው፤ እሱን መለወጥ ማኅተም አያስቆርጥም።